ቁልፍ የሌለው አምፕሊፋየር

ስፒከሮቹ ወደ ቤታችን የገቡት በባለቤቴ በኩል ነው። ናዝሬት ከተማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነበረች። አብራት ትሠራ የነበረች የውጭ ሐኪም አገር ለቃ ስትወጣ "ከእንግዲህ ያንቺ ናቸው" ብላ ትታላት ሄደች። ቁመታቸው ወገቤ ድረስ ይደርሳል፤ አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ስለነበርኩ ዐመላቸው ቶሎ ገባኝ። ከረንት ይጠጣሉ። የነበረችን ትንሽ አምፕሊፋየር ለስላሳ ዘፈን ላይ ትችላቸዋለች፤ ቤዙ ጠንከር ሲል ግን ትግላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከዚያ ጭጭ ነው። አንድ እሑድ ጭራሽ ጨሰች።

በደርግ ዘመን አዲስ አምፕሊፋየር ከየት ይመጣል? የሚገኘው ተሰዶ የሄደ ሰው የተወው ነው፤ ወይም የተዘጋ ቡና ቤት ዕቃ። ከዝዋይ ወደ ናዝሬት ቲማቲም የሚያመላልሱ አንድ የወሎ ሰው ነበሩ፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ላንጋኖ ዳር ከነበረ ሆቴል አልጋና ፍራሽ ሲገዙ ሁለት አምፕሊፋየር አብሮ እንደደረሳቸው ነገሩን።

በራሴ ስፒከር ሳልሞክር መግዛት አልፈለግኩም። አንዱን ስፒከር በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ቴፓችንን ይዘን፣ ባዶውን በሚመለሰው በሐጂ መኪና ዝዋይ ወረድን። ባለቤቴ ለመሞከሪያ የያዘችው እያንዳንዱን ድምፅ በቃሏ የምታውቀውን ካሴት ነው፤ መዝሙር። ጴንጤዎች ነን፤ የምንጸልይበት ቤት ታሽጎ ነበር፤ የኛ ዓይነት መዝሙር ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ቢሆንም ሌላ ካሴት አላመነችም።

አንደኛው አምፕሊፋየር ፊቱ በቁልፍና በመብራት የተሞላ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ሐጂ የወደዱት እሱን ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ቤዙ ይንገዳገድ ጀመር፤ ክዳኑን ብነካው እጄን አቃጠለኝ፤ ጠፋ።

ሁለተኛው ግራጫ የብረት ሣጥን ነው። ከማብሪያ ማጥፊያው በቀር አንዲት ቁልፍ የለውም። ድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው ለብቻዋ በተሠራች ትንሽ ሣጥን ላይ ነው ያለው፤ ፕሪአምፕሊፋየር ይሏታል፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት አላት። ሁለቱን አገናኝቼ ስከፍተው የከበሮው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቆየሁበት። ክዳኑ ለብ ከማለት አላለፈም።

"ይሄኛው ነው" አልኩ።

"ብረቱን?" አሉ ሐጂ። "እንዳልክ ልጄ።"

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ናዝሬት መግባት ስለነበረብን ቲማቲሙ መሀል አስተካክለን ጫንን። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ገባን። ቆቃን አልፈን ሞጆ ልንገባ ስንል ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ነው" አለችኝ በጆሮዬ።

ቴፑ ከኋላ ነው። ኬላው ደግሞ ከፊታችን።

ጥበቃዎቹ ጭነቱን ሲገልጡ ግራጫውን ሣጥን አገኙ። አለቃቸው ወጣት ነው፤ መሣሪያውን በትከሻው አንግቷል። ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ምንድን ነው?"

"አምፕሊፋየር ነው፣ ጓድ። ድምፅ ማጉያ።"

"ቁልፉስ?"

"ቁልፉ እዚያች ትንሿ ሣጥን ላይ ነው።"

"አንድ ዕቃ ለምን ለሁለት ተከፈለ?" አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። "እንዳይታወቅ ነው? ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩበት?"

የመገናኛ ሬዲዮ ይዟል የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ጣልቃ ገቡ።

"ጓድ፣ ይኸው ሻይ ቤቱ መብራት አለው። ይዘፍን እንደሆነ እዚሁ ይታይ።"

አወረድነው። ገመዶቹን አገናኘሁ። አለቃው ቴፑን አየና ጣቱን ወደ ማጫወቻ ቁልፉ ሰደደ።

"ጓድ!" አለች ባለቤቴ። "ካሴት ይበላል። ጠምጥሞ ነው የሚበጥሰው፤ ሊጠገን ነው የያዝነው።"

ጣቱን አነሳና ዓይን ዓይኗን አያት። እሷም አላቀረቀረችም።

"ታዲያ በምን ሊዘፍን ነው?"

"በናንተ ሬዲዮ" አልኩ። የጥበቃዎቹ ሬዲዮ የሻይ ቤቱ መስኮት ላይ ነበረች። ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳዋ ወደ ፕሪአምፕሊፋየሯ ገመድ ሳብኩ፣ ቁልፏንም በትንሹ አዞርኩ። ምንም የለም። ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ከኋላዬ አንዱ ጥበቃ መሣሪያውን ከትከሻው ሲያወርድ ሰማሁ። ጎንበስ ስል ገመዱን የሰካሁት ለሸክላ ማጫወቻ በተተወው ቀዳዳ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ነቀልኩና ወደ ቴፑ ቀዳዳ አዛወርኩት።

የሰልፍ ሙዚቃ ፈነዳ። የሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጩ። ጥበቃዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አለቃው ግን ቀርቦ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ አለ።

"ይሄማ ለኪነት ቡድናችን ነው የሚያስፈልገው።"

አለቃው አሰበ፤ መብራት ያላትን ትንሿን ሣጥን ነቅሎ በብብቱ ያዘ። "ዋናዋ ይቺ ናት። ብረቱን ውሰዱ።"

ያለ ግራጫው ሣጥን ምንም እንደማትሠራ አልነገርኩትም። ሐጂ እንዲያውም መረቁት።

ናዝሬት ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ካሴቱን አውጥታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው፤ ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት፤ መጠጣት አልቻለችም።

አምፕሊፋየሩ ለሳምንታት ቤት ውስጥ ዱዳ ሆኖ ተቀመጠ። ያለ ቁልፍ ቢከፈት ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል፤ ስፒከሩንም ሰፈሩንም ያናጋል። በመጨረሻ ከሞተ ሬዲዮ ላይ የድምፅ መቀነሻውን ፈትቼ በቴፑና በአምፕሊፋየሩ መሀል በብየዳ አያያዝኩት። ሠራ። እንዲያውም ከፕሪአምፕሊፋየሯ ጋር ከነበረው ይልቅ የጠራ መሰለኝ።

አንድ ቀን ሐጂ ቲማቲም አራግፈው ሊጠይቁን መጡ። መዝሙሩን በጣም ዝቅ አድርገን ከፈትንላቸው። አንገታቸውን አስግገው ሰሙ።

"ይሄን ሁሉ ብረት የተሸከምነው ለሹክሹክታ ነው?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ የሚመጣ ኮቴ ታዳምጥ ነበር።