ፈረሱን የት አደረሳችሁት?

ዛሬ ፊልም እያየሁ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ፈረሱን የት አደረሳችሁት?» ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮህኩበት።

በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሜዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ ይኸው ፊልም ታይቶ ነበር። ባለ ሰይፉ ጎበዝ በነጭ ፈረስ መጥቶ ዘንዶውን ሲገድለው፣ ሟቿ ባለቤቴ «ጊዮርጊስ!» ብላ ተነሣችና እልልታዋን አቀለጠችው።

«አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሲኒማ እኮ ነው!» ብላት ማን ሊሰማኝ! ሜዳው ሁሉ ተከትሏት ተነሣ።

ዛሬ ልጄ ያሳየችኝ እንደ አዲስ የተሠራውን ነው። ዘንዶው እሳት ይተፋል። ሰውየው ግን በእግሩ ነው የሚዋጋው።

«አባዬ፣ ዘንዶውን አልወደዱትም?» አለችኝ።

«ዘንዶውስ ደግ ነው። እናትሽ እልል የምትልበት ቦታ ነው የጠፋብኝ።»

ልጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ይህን በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። «ላርምልዎት» ብትለኝ እምቢ ብያለሁ፤ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

ያን እልልታዋን አብሮኝ የሚያስታውስ ሰው አጥቻለሁ። ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የተነሣችውን ሴት የሰማችሁ ካላችሁ፣ ድምጿ እንዴት እንደነበረ እስቲ ጻፉልኝ።