ትርፍ አንጀት

ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ፣ ጨጓራዬ ተላጠ ይላል እንጂ ቆሽቱ የት እንዳለ አያውቅም። በዛወርቅ ግን ታውቃለች። ቦንጋ አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ማስተርጎም ሥራዋ አልነበረም፤ የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን የሚችል ሐኪም ስለጠፋ በላይዋ ላይ የወደቀ ነው። ገበሬው በተሰባበረ አማርኛ «ልቤን» ሲል፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ ይለጥፋሉ። «ዝቅ በሉ፤ ጨጓራውን ነው!» ብላ የምትቆጣቸው እሷ ነበረች። ለበሽተኛውም ሐኪሙ ያላለውን «ካልታከምክ ትሞታለህ» ትጨምርበት ነበር።

ኃላፊው አቶ ወልደሥላሴ ይህን አልወደዱትም። «ከራስዎ እየጨመሩ ሕዝቡን ያስደነግጡብናል። ከእንግዲህ ቃል በቃል!» ብለው በጽሑፍ አስጠነቀቋት።

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቢሻው የሚባል ገበሬ ሚስቱን በላይነሽን በበቅሎ አምጥቶ አስገባ። ጤና መኮንኑ ዮናታን ቀኝ ሆዷን ጫን አድርጎ ሲለቅ ጮኸች።

«ትርፍ አንጀት ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄዳ ኦፕራሲዮን ትሁን። ይንገሯቸው፣ እትዬ» አለና ሪፈር ጽፎ ሰጣት።

በዛወርቅ ማስጠንቀቂያው ትዝ አላት። ቃል በቃል በካፊኖኖ ነገረቻቸው፤ ሆዷ ውስጥ ትርፍ የሆነ አንጀት አለ፣ እሱ አብጧል፣ ዛሬ ይውጣ ተብሏል።

ቢሻው በረጅሙ ተነፈሰ። ሳቀም። «ትርፍ ከሆነማ ምን ያስቸኩላል? ቡናው ሊረግፍብን ነው። ለቅመን እንመጣለን።»

«ቡና ለቅመን እንመጣለን ነው የሚሉት» አለች በዛወርቅ ወደ ዮናታን ዞራ።

«ዛሬውኑ ብያለሁ። ነግረዋቸው የለ? ቀጣይ!»

ቢሻውን ትሞትብሃለች ልትለው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ባልና ሚስት በበቅሏቸው ተመለሱ።

በአምስተኛው ቀን በላይነሽ በቃሬዛ መጣች። አንጀቱ ፈንድቶ ሆዷ መግል ሞልቶ ነበር። ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

የወሩ ግምገማ ላይ አቶ ወልደሥላሴ ችግሩ የትርጉም ነው አሉ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባለች።

በዛወርቅ ተነሳች። «ግለ ሂስ? ቃል በቃል ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ቃሉን ሰጣችሁኝ፣ ቃሉን ሰጠሁ! ለመሆኑ ለሚገድል ነገር ትርፍ ብሎ ስም ያወጣለት ማነው? ገበሬ ትርፍ የሚያውቀው ጎተራው ውስጥ ነው። ትርፍ አለህ ሲሉት ደስ ይለዋል እንጂ ይሮጣል?»

ቃለ ጉባኤው ላይ «በትርጉም ረገድ የታየ ክፍተት» ተብሎ ተጻፈ። እሷ ግን እውነት ከእሷ ጋር ነበረችና ለገበያተኛውም፣ ለጎረቤቱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሰውም ስትናገር ከረመች። ያልሰደበችው ኃላፊ አልነበረም።

ጥር ላይ በአንድ የገበያ ቀን ቢሻው የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመ። ራሱን ተላጭቷል። በኮባ የተጠቀለለ የማር ቅል ይዟል። ሊጣላኝ ነው የመጣው ብላ በዛወርቅ መልሷን አዘጋጀች። ቃል በቃል የሚለውን፣ ኃላፊውን፣ ሐኪሙን፣ ሁሉንም ልትነግረው ነው።

«ማሩ ለእርስዎ ነው፣ እትዬ» አላት።

«ለእኔ? ለምን?»

«ያን ቀን የሐኪሙ ፊት አስፈርቶን ነበር። ያጽናኑን እርስዎ ብቻ ነዎት። በላይነሽ መንገዱን ሙሉ እየሳቀች ነው ቤት የገባችው። ሕመሙ ሲብስባት ወደ ሐኪም ልመልስሽ ብላት፣ ‹እትዬ በዛወርቅ ትርፍ ነው ብላኛለች፤ የእኛው ሰው አትዋሸኝም› አለችኝ።»

ቅሉን መስኮቱ ላይ አኖረላት።