የሁዳዴው ጉበት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ ክሊኒክ የደም ምርመራ ውጤቷን ይዛ መጣች። ሄሞግሎቢኗ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ ኪኒን አዞላታል። እሷ ግድም አልሰጣት፤ እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ።

በእኔ ጊዜ ቦሌ በየማዕዘኑ ፎቅ ይበቅል ነበር። በሰፈራችን በገርጂ አቧራ ጫማ አስጠርጎ መውጣት ትርፉ ድካም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሆስተስ ለመሆን ተመዝግቤ፣ ቁመቱንም ቃለ መጠይቁንም አልፌ፣ የጤና ምርመራው ላይ ደሜ አንሶ ተያዝኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያ ሽሮዬን በልቼ ወዲያው ሻይ እደግምበታለሁ። ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ ለካ ስንፍና አልነበረም።

"ሄሞግሎቢን በደምሽ ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚያዞረው ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ብረት ካላገኘ ያንሳል። ሻዩን ከምግብ አርቂው፣ ኪኒኑን ዋጪ፣ ጉበት ብዪ። ከወር በኋላ እናይሻለን።"

ጉበት! በሁዳዴ! እናቴ ዘይት የበዛበትን የጾም ወጥ እንኳ "ፍስክ መሰለ" ብላ የምትገፋ ሴት ነበረች። የንስሐ አባታችን ግን "መድኃኒት ነው፣ ትብላ" ብለው ጨረሱት።

ጉበቱስ ከየት ይምጣ? የሰፈራችን ልኳንዳ ለጾሙ ተዘግቷል። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ለፈረንጆች ወደሚሸጥ የቦሌ ልኳንዳ በታክሲ ሄደች። ስትመለስ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በር ላይ ያዟት።

"ምን ይዘሽ ነው ፌስታሉ እንዲህ የቀላው?"

"ቀይ ሥር!" አለች እናቴ። መዋሸት ስለማታውቅበት ፊቷ ራሱ ቀይ ሥር መሰለ። እኔ መስኮት ሥር ሆኜ ሳቄን አፈንኩ።

ወር ሙሉ ጠበሰችልኝ። ጿሚ ናትና አትቀምስም፤ አንዳንዴ ጨው በዝቶበት ይመጣል። እኔም አሟጥጬ እበላው ነበር።

ሁለተኛው ምርመራ ደህና ሆነ። ገና ከበሩ ሳልርቅ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ አለፍኩ! ተቀበሉኝ!"

"እሱ ይቆየን" አለች። "ደምሽስ? ሞላ?"

ያኔ ተናድጄባት ነበር። ደስታዬን ያልተካፈለችኝ መስሎኝ። እኔ ጉበቱን የበላሁት ለሥራው ነው፤ እሷ ግን ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው ለልጇ መሆኑ የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

"እማ፣ ኪኒን እኮ ነው የታዘዘልኝ፤ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ ልጄ፣ የምርመራ ወረቀቷን ከእጄ እየወሰደች።

"አያትሽ ናፍቃኝ ነው" አልኳት።