በሁለት ጾም መካከል የመጣው ቡችላ

ባለቤቴ ቡችላውን ያመጣው በቅበላ እሑድ ነው። ሌላ ቀን አጥቶ አይደለም፤ እኔን ለማናደድ ቀን መምረጥ ያውቅበታል።

ሥራው አጋርፋ ስለሆነ ወደ እኛ፣ ወደ ሮቤ፣ የሚመጣው ለቅዳሜና እሑድ ነው። ያን ሳምንት ሥራ ይዞት ቆየና እሑድ አመሻሹ ላይ የብስኩት ካርቶን ታቅፎ ገባ። ሁለቱ ልጆቻችን፣ የስምንትና የአምስት ዓመት ወንዶች፣ ብስኩት መስሏቸው ካርቶኑ ላይ ዘለሉበት። ካርቶኑ አለቀሰ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ።

«ወንድ ነው» አለኝ፣ የጠየቅኩት እሱን ይመስል።

ቀላ ያለ፣ አንዱ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ዓይኑን ከገለጠ ብዙም ያልቆየ ፍጡር ነው። እናቱን አጋርፋ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ሞታለች፤ የአንድ ገበሬ ቤት ውሻ ነበረች።

«ቀይ ቀበሮ እንዳይሆን ብቻ! የባሌ ተራሮች ፓርክ ሰዎች መጥተው ያስሩናል።»

«ቀይ ቀበሮ እንዲህ አያለቃቅስም» አለ ባለቤቴ። «ይሄ አንቺን የመሰለ ውሻ ነው።»

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ሮቤ የመጣሁት በሥራ ነው፤ የቀረሁት በትዳር። ከዚህ እስከ እናቴ ቤት በአውቶብስ ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሰው ከአገሩ ሲርቅ አንድ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ እኔ የያዝኩት ጾሜን ነው። እውነቱን ለመናገር እናቴ ቤት ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም። እዚህ ግን ሁዳዴ ሊገባ ሲል የወተቱን ማፍያ፣ የቅቤውን ዕቃ፣ የፍስክ ወጥ የነካውን ድስት ሁሉ በአመድ አሽቼ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ ቁም ሣጥኑ ላይ እሰቅላለሁ። ሱቅ ውስጥ የብስኩት መጠቅለያ ገልብጬ ወተት ይኑረው አይኑረው የማነብ ሴት እኔ ነኝ። ባለ ሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ መነጽሩን አውልቆ ይሰጠኛል፤ ፊደሉ ትንንሽ ነው።

ያን ዓመት ደግሞ ኩራት ተጨመረበት። ትልቁ ልጄ ዕድሜው ደርሶ ሊጾም ነው። ትንሹ «እኔስ?» ብሎ አለቀሰ። እሺ፣ ይጹም፣ አልኩ። አልኩና ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ ስልክ አንስቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አታወራም። «ሰማችሁ?» ስትል ይሰማኛል፤ «የልጅ ልጆቼ፣ ያ የአምስት ዓመቱ ጭምር፣ ባሌ አገር ሆነው ሁዳዴን ሊጾሙ ነው!» ጎረቤቶቿ ከኋላ እልል አሉ። ስልኩን ስዘጋ አንድ ክንድ ያህል ረዝሜ ነበር።

እንግዲህ ቡችላው የገባው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው።

ሽሮ በእንጀራ አለሳልሼ አቀረብኩለት። አሸተተና ጀርባውን ሰጠኝ።

«ወተት ስጪው እንጂ» አለ ባለቤቴ። «ጾሙ የሚገባው ነገ ነው።»

«ዕቃው ታጥቦ ተሰቅሏል። ቤቱ ከጾመ እሱም ይጾማል።»

«ኦርቶዶክስ መሆኑን ማን ነገረሽ? የገበሬው ቤት ሙስሊም ነው። ይሄ ከያዘ ረመዳን ነው የሚይዘው።»

«ረመዳን ከሆነማ» አለ ትልቁ ልጄ በመስኮት እያየ፣ «ፀሐይ ጠልቃለች፤ ይብላ!»

በጫጫታው የግቢው ባለቤት ወጡ። ልጆቼ «አኮ» ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ ሴት አያት እንደማለት ነው፤ እኔም እንደ ልጆቼ አኮ እላቸዋለሁ። ሙስሊም ናቸው፣ አንዲት ሶላት አታልፋቸውም። በጓሮ አንዲት ላም አለቻቸው። ከደጃችን ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ያ ረቢ! ሰሬ!» አሉ፤ ውሻ ማለታቸው ነው። «ስሚ ልጄ፣ ከዚያ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ወዲህ እንዳይሻገር። የውዱእ ማንቆርቆሪያዬን ቢነካ ዋላሂ ግቢውን ትለቃላችሁ፤ እሱም፣ አንቺም፣ ይሄ ባልሽም።»

ከዚያ ምራቁ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ አንዱ በአፈር መሆን እንዳለበት አስረዱኝ። ስሰማቸው ልቤ በደስታ ተሞላ። እኔ በአመድ፣ እሳቸው በአፈር! በዚህ አገር የሚገባኝ ሰው አገኘሁ።

«ምን ሰጠሽው?» አሉኝ።

«ሽሮ።»

«ለዚህ? ጥርስ እንኳ የለው!»

«ጾም ነው፣ አኮ።»

«እኔስ በዚሁ ሳምንት ረመዳን ልይዝ አይደል? ላሜ ግን አትጾምም። ነፍስ ነው፣ ይሞትብሻል።»

ውሉ እዚያው ተቆረጠ። አኮ ጠዋትና ማታ ሲያልቡ በአሮጌ የድልህ ጣሳ ወተት ቀድተው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ወደ ውሻው አይጠጉም። እኔ ወተት አልነካም። ስለዚህ የሚመግቡት ልጆቹ ናቸው፤ ጣሳውን አንስተው ከማገዶው ቁልል ጀርባ ይወስዱታል፣ ባዶውን ይመልሳሉ። ጣሳው በደጄ ሲያልፍ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ማሽተትም አልፈለግኩም።

ስሙ ላይ ወንድማማቾቹ ተጣሉ። ትልቁ «አንበሳ» አለው፣ ትንሹ በመጣበት ካርቶን «ብስኩት» አለው። ብስኩት ወተት አለበት፣ በጾም አይጠራም፣ አልኩ። ባለቤቴ ሳቁ ሳያልቅ አጋርፋ ገባ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቡችላው መወፈር ሲገባው ከሳ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። መሄድ ሲጀምር የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ልጆቼ ግን፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ጾሙ ተስማማቸው። ጉንጫቸው ቀላ፣ ፊታቸው በራ። ለእናቴ ነገርኳት። «በረከት ነው» አለች በማጉያው፤ ጎረቤቶቿም አሜን አሉ።

ትልቁ ከመተኛቱ በፊት በጸሎቱ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ «ቡችላችንን ማርልን፣ እንዳይሞትብን።» ይህን ሲል እንባው ይመጣል። ለነፍስ አባቴ ደወልኩ፤ ለውሻ ጠበል ይረጫል ወይ?

«ልጄ፣ ወተት ስጪው» አሉኝ።

«ወተትማ ይጠጣል አባ!»

«እንግዲያስ ሐኪም ይየው። እኔ ቄስ ነኝ።»

የሮቤው የእንስሳት ሐኪም ፓርኩ አጠገብ ባሉ ቀበሌዎች የገጠር ውሾችን ሊከትብ ወጥቷል፤ የነሱ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ እንዳይሻገር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጎባ ለመሄድ ተነሣን። ሚኒባስ ውሻ እንደማይጭን አውቃለሁ፤ በነጠላዬ ሸፍኜ እንደ ሕፃን ታቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አዘነችልኝ።

«ውይ፣ ታሞብሽ ነው?»

«አዎ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ውሻችን ነው!» አለ ትንሹ ልጄ፣ እስከ ሹፌሩ በሚሰማ ድምፅ።

ሴትዮዋ ዘላ ወደ ሌላው ወንበር ሄደች። ረዳቱ ዞሮ ነጠላዬን፣ መስቀሌን፣ ከነጠላው ሥር ብቅ ያለውን ጅራት ተራ በተራ አየ። «እማማ፣ ከርስዎ አይጠበቅም» አለኝ። እማማ! ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ቢያወርደን ኖሮ ይህን ይቅር አልለውም ነበር፤ አላወረደንም፣ ይቅር ብዬዋለሁ።

የጎባው የእንስሳት ሐኪም ጺሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው። ቡችላውን አገላበጠ፣ ድዱን አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ።

«ምን ይበላል?»

«ወተት። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ውሃ ያልነካው የላም ወተት» አልኩ በኩራት።

«ሁሉንም ይጠጣል?»

«ጣሳው ተልሶ ነው የሚመለሰው።»

ሐኪሙ ቡችላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወጥቶ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ወተት ይዞ መጣ። ክዳን ላይ አፍስሶ ወለሉ ላይ አኖረው። ቡችላው ከነእግሩ ገባበት። ይኼኔ ትንሹ ልጄ ጎንበስ አለና፣ በየቀኑ የሚለውን በሚል ድምፅ፣

«ቀስ በል እንጂ! ለእኔም አስቀርልኝ!» አለው።

ትልቁ በክርኑ ጎሰመው።

«ምን አልኩ?» አለ ትንሹ።

ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲመለስ ፊቱን አስተካክሎ፣ «እናት» አለኝ፣ «ሕመሙ ረሃብ ነው። የትል መድኃኒትም እሰጠዋለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚጠጣውን ቆመው ይዩለት፤ አንድ ሳምንት በዚህ ከቀጠለ አይተርፍም።»

ደጅ ወጥተን ችሎቴን ከፈትኩ።

«እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ» አለ ትልቁ፣ «እንዳያቃጥለው።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ እሱ ይቀምሳል፣ ጎምዝዞ እንደሆነ።»

«ከዚያስ?»

«የተረፈውን ለቡችላው፤ እሱ ግን ከዚያም ይሻማዋል።»

«ታዲያ ማታ ማታ ማርልን የምትለው?»

«ይሞታል ብዬ ፈርቼ ነዋ!» አለና በጎባ አስፋልት ላይ ጮኾ አለቀሰ። «አሁንም ይሞታል?»

መጀመሪያ በልቤ የመጣው ቡችላው ቢሆን ደስ ባለኝ። ኃጢአታቸው ቢሆንም ጥሩ ነበር። የመጣው የእናቴ ስልክና ከኋላዋ ያለው እልልታ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን፣ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ተደግፈውኝ፣ ቡችላው ጭኔ ላይ ጠግቦ ሲተኛ ነው ሌላው የታየኝ፤ ልጆቹም ርቧቸው ነበር። ያ የአምስት ዓመት ልጅ ከውሻ ጋር እየተሻማ ሲጠጣ እኔ አሥር እርምጃ ርቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ጾሜን እጠብቃለሁ።

ያን ማታ ጣሳውን ከድንጋዩ ላይ ራሴ አነሣሁት። ትኩስ ነበር። አኮ ምንጣፋቸውን ሊያነጥፉ ሲሉ አዩኝ።

«አንቺ! ዛሬ ጾም ፈታሽ?»

«በእጄ ብቻ ነው፣ አኮ።»

«እኔ ጾሜን ይዤ በሁለት እጄ አልብ የለ? እጅ ምን ይውጣል?» አሉና ወደ ሶላታቸው ዞሩ።

ከማገዶው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ጣሳው እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ቡችላው እጄን ላሰኝ፤ በአመድ ታጠብኩ። በማግስቱ ከቁም ሣጥኑ ላይ አንድ ኩባያ አወረድኩና ለትንሹ ልጄ ወተት ቀዳሁለት። ትልቁ ቆሞ አየ።

«እኔስ?»

«አንተ ስምንት ዓመትህ ነው። ከፈለግህ ተው፤ አልቆጣም።»

አሰበ። «እጾማለሁ» አለ። «ግን ሲጠጣ አጠገቡ ልቁም? ማሽተት ጾም ይፈታል?»

«አይፈታም» አልኩ። ሁለት ሳምንት አፍንጫዬን ይዤ የከረምኩት እኔ ነኝ ይህን የምለው።

ቡችላው በሳምንቱ ሆድ አወጣ። በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ፣ ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ልጆቼ እየጾሙልኝ ነው?» አለች። ማጉያው ክፍት ነው፤ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

ልዋሽ አሰብኩ። ጾም ባይሆን እዋሽ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጣሳውን፣ ቅምሻውን፣ «አስቀርልኝ»ን ሳይቀር። ከኋላዋ አንዷ ሳቋ አመለጣት። እናቴ ማጉያውን ስትዘጋው ድምፅዋ ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ጾሞ ጉንጩ የሚቀላ የት አየሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎረቤቱ እየሰማ?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ያን ያህል ርቀት ላይ ሆነን እንዲያ የሳቅነው መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

«ውሻውስ?» አለችኝ። «ተረፈ?»

ዞር አልኩ። ቡችላው ወንበሩ ሥር ተዘርግቶ፣ የቅዳሴ ነጠላዬን ጥለት ከዳር ጀምሮ በትጋት እየበላ ነበር።

«ተርፏል እማዬ» አልኳት። «የጾም ምግብም ለምዷል።»