በነጻ የመጣው ፊደል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ ጥሬ ቆዳ የጫነ አይሱዙ በአጠገቤ አለፈ። ጨው የጠጣ፣ ፀሐይ የመታው የበሬ ቆዳ ሽታ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃ ብትጠጣበትም አይወርድም። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሲበታተን እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ እዚያው ቆምሁ። ሌላውን ሰው ከብት ሲሸተው፣ እኔን የሸተተኝ ኮምፒውተር ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር የተማርሁበት ቤት ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። የባድመው ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እዚያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ባለቤቱ ግድግዳውን ኖራ አስቀብቶ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስለስኖ፣ በሩ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ሥልጠና» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ሽታው ግን ከኖራው ሥር አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ተኝቶ ይቆይና ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ይነሣል።

ባለቤቱን ሰው ይወደው ነበር። ጨዋታ ያውቃል፤ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ከፊት አይጠፋም። እኔ ግን እጁን ማየት አልችልም። ጥብስ በልቶ ሳይታጠብ ኪቦርዱን ይነካል። ወረቀት ሲገልጥ አውራ ጣቱን በምላሱ ያርስና ያችኑ እርጥብ ወረቀት ለእኔ ያቀብለኛል። የማለዳ ሥራዬ ከቁልፎቹ ላይ ሞራ መፈቅፈቅ ነበር።

ያኔ በአማርኛ መጻፍ መከራ ነበር፤ አንተ አልደረስህበትም። ቤቱ የነበረው ከየት እንደተገለበጠ የማይታወቅ ፕሮግራም ነው። ግማሹ ፊደል የለውም። «ፀሐይ» ብለህ ስትጽፍ ሁለት ባዶ ሣጥንና አንድ «ይ» ይወጣል። የሰው ማመልከቻ ካተምን በኋላ የጎደለውን በእስክሪብቶ እንሞላለን።

አንድ ቅዳሜ አንድ የፊዚክስ መምህር መጣ። የቡሬ ሰው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ያስተምራል። ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ፍሎፒ ይዞ ተመልሷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተውና ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ መጻፊያ በነጻ የተሰጠ ነው። አባዝታችሁ ለሌላው ስጡ።» ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ሰው ሠርቶ የለቀቀው መሆኑን ነገረን።

«እስኪ ፀሐይ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ጻፍሁ። ሦስቱም ፊደል ወጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ሽታውን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ የወጣት መሰብሰቢያ ሆነ። ማንም መጻፍ ያለበት ነገር ኖሮት አይደለም። አንዱ የሰፈሩን ልጆች ቅጽል ስም ይጽፋል፤ አንዱ ያልተላከ የፍቅር ደብዳቤ። ፍሎፒውን በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ቡሬ፣ ወደ መራዊ ይወስዱታል፤ ለሰው ሰጥተው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ጋሪ ላይ ተሳፍረህ ስትሄድ እንኳ ከኋላህ፣

«ጰ በምን ይወጣል?»

«በትልቁ ፒ»

ሲባባሉ ትሰማለህ። መምህሩ መሀላችን ቁጭ ብሎ፣ ጣቱ ላይ የጠመኔ አቧራ እንዳለ፣ ላልገባው ሁሉ ያሳያል። ደክሞኛል ሲል ሰምቼው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ከሰከላ በኩል አንድ የቅኔ መምህር መጡ። ደቀ መዛሙርቱ እየገለበጡ ፊደሉን ስላበላሹባቸው ቅኔያቸውን በመኪና ማስጻፍ ፈልገዋል። የፊዚክስ መምህሩ ራሱ ተቀምጦ ጻፈላቸው። የኔታ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው አዩና፣

«ንጉሥን በንጉሡ ሠ ጻፈው እኮ» አሉ። ቀጥለው፣ «ማነው ይኼን የሠራ?»

«በስም አናውቀውም የኔታ። ርቆ ነው የሚኖር።»

«ዋጋውስ?»

«የለውም። በነጻ ነው የሰጠ።»

«እንግዲያ ስመ ክርስትናውን ፈልጋችሁ አምጡልኝ። በጸሎት አስበዋለሁ» ብለው ተነሡ።

መምህሩ ነገሩን እንደ አደራ ያዘው። አዲስ አበባ ላሉ ጓደኞቹ ሁሉ ጻፈ። የሰውየውን ስመ ክርስትና የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ክረምቱን ተዘግቶ የከረመው ቤት ሲከፈት ፕሮግራሙ ሌላ መልክ ይዟል። ባለቤቱ ባሕር ዳር ወስዶ አስቀይሮታል። ሲከፈት የሚወጣው የእሱ ፎቶ ነው፤ ከረባት አስሮ፣ ጸጉሩን ቅባት ለቅልቆ። ከሥሩ «አዘጋጅ» ይልና ስሙ ተጽፏል። «በነጻ» የሚለው ቃል የለም። የሚከፈተውም እሱ በሚሸጠው የምሥጢር ቁጥር ብቻ ሆነ። የኮምፒውተሮቹን የፍሎፒ ቀዳዳ በፕላስተር አሸገው። ያን ፕላስተር በጥርሱ ነው የቆረጠው፤ ምራቁ ጠርዙ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር።

መምህሩ መጣና ቆሞ አየው። «ይኼ የሰው ሥራ ነው» አለ።

«የየትኛው ሰው? ይምጣና ይጠይቀኛ።»

«በነጻ ነው የተሰጠን።»

«እኔስ በነጻ የተሰጠውን አይደል የወሰድሁ? ማንን ሰረቅሁ?»

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔን ያስከፋኝ የባለቤቱ መልስ አይደለም፤ ያ ሳቅ ነው። መምህሩ ጣታቸውን ይዞ ያስተማራቸው ናቸው። ወር ሳይሞላ ሁለቱ በኮሚሽን ቡሬና ዳንግላ እየዞሩ ይሸጡለት ጀመር።

የኔታ ዳግም የመጡት መምህሩ በሌለበት ቀን ነው። ገና ከበር «የሰውየው ስም ተገኘ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ላለመታወቅ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

እጁ ከምሳው ገና በቅባት ያብለጨልጭ ነበር። አንገቱን ሰብሮ ስመ ክርስትናውን ነገራቸው። የኔታ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እሱም በየመሀሉ «አሜን» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ እንደሆነ ሰው። ሽታው ከግድግዳው ሁሉ ወጥቶ አፌ የገባ መሰለኝ። በጓሮ በር ወጥቼ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጥምጬ ስመለስ የኔታ ሄደዋል። መናኸሪያ ድረስ ሮጥሁ፤ መኪናቸው ወጥቷል። ወደዚያ ቤት ለሥራ አልተመለስሁም።

ለመምህሩ ነገርሁት። በሚቀጥለው እሑድ በቡሬና በቲሊሊ አድርገን ሰከላ ሄድን። የኔታ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መምህሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

የኔታ መሬት መሬት እያዩ ሰሙት። ከዚያ፣ «እኔ በጸሎቴ ያልሁት ‹አቤቱ የሠራውን አስብ› ነው» አሉ።

ደቀ መዛሙርቱ ወዲያው ገባቸውና ሳቁ። ለእኛ ደግሞ የኔታ ፈቱልን። «የሠራውን ሰው አስብ ማለት ነው፤ የሠራውንም ሥራ አስብ ማለት ነው። ርቆ ላለውም፣ እዚህ ላለውም እንደየድርሻቸው ይደርሳቸዋል።»

እኔ ደረቴ ቀለለኝ። መምህሩ ግን ፈገግ አላለም። እጃቸውን ስሞ ተነሣ። መኪናው ላይ ስንመለስ፣ ቲሊሊን ካለፍን በኋላ፣

«እዚያም ሳቁ፤ እዚህም ሳቁ» አለ።

«የኔታ እኮ ለሠሪው ድርሻውን መልሰውለታል፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ አነጋገራቸው አምሯል። ነገሩ ግን ያው ነው፣ እታለም።»

ቡሬ ላይ ወረደ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ እዚያው አገሩ ገባ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ቡሬ ስሄድ ቤቱን አጠያይቄ ሄድሁ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ አሁንም ያስተምራል። እኔ ጸሐፊነቱን ይዤ ገፍቼበታለሁ፤ ደስ እንዲለው ብዬ ስለ አዳዲሶቹ መጻፊያዎች ማውራት ስጀምር ሚስቱ በዓይኗ ከለከለችኝ። በኋላ ጓዳ ጠርታ፣ «የፈተና ወረቀቱን እንኳ በእጁ ጽፎ ነው ለሰው የሚሰጥ። እሱ ኮምፒውተር አይነካም» አለችኝ። ምን እንደደረሰበት ነግሯት አያውቅም። እኔም አልነገርኋት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ ሄደ፤ ብለምነውም አልሰጠኝም። መኪናው እስኪሞላ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዛልኝ። ትኩስ ነበርና እጄን እንዳያቃጥለኝ ራሱ ልጦ፣ እፍ ብሎ፣ በመስኮት አቀበለኝ።

«ብይ እንጂ፤ ይበርዳል» አለኝ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየሁት። ሰዉ ሁሉ እጁን ሲያውለበልብ፣ እሱ የበቆሎውን ሽፋን በሁለት እጁ ይዞ፣ የት እንደሚጥለው የጠፋው መስሎ ቆሞ ነበር።