የድሃ ወረቀት ምስክር

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዓሣ እያጠመድሁ ነበር የምኖረው። ሚስቴ ለእንቅርቷ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። መክፈል ስለማልችል በነጻ እንድትታከም የድሃ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ድህነቴን የሚመሰክር ጎረቤት አምጣ አለኝ።

በአጥር የምንዋሰነውን የኔታን ለመንኋቸው። ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሳያንገራግሩ አብረውኝ መጡ።

“ይህ ሰው ድሃ ነው?” አላቸው ሊቀመንበሩ።

የኔታ ደነገጡ። “ኧረ እኔ የሰው ስም አላጠፋም። የጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ዓሣ ባጠመደ ቁጥር ለእኔ ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም።”

ሚስቴ ስትተነፍስ የምታሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የጋቢያቸውን ጫፍ ብጎትት “ተወኝ ልጄ፣ እውነቱን ልናገርልህ” አሉ። ሊቀመንበሩ አይሆንም አለ።

እንውጣ ስላቸው የኔታ አልተነሡም። “እኔም ለዓይኔ መታከሚያ ያንኑ ወረቀት ፈልጌ ነበር። ምስክሬ እሱ ነው” አሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ ምን ትላለህ?”

“የኔታማ ከእኔም የባሱ ድሃ ናቸው። አንዳንድ ቀን እኛ ካላጎረስናቸው ጦማቸውን ያድራሉ” አልሁ።

ሊቀመንበሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ለሁለታችንም ማኅተም መታልን።

ሚስቴ ታክማ ዳነች። የኔታም ዓይናቸው በራላቸው። ለካ ስሜን አጠፋው ብለው ተቀይመውኝ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ጀመር።