አራቱን ከየት ላምጣ

መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች የሕፃንን ጠረን ሲያሞግሱ ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ። ወተት ወተት ይላል ይላሉ። የኔ ልጅ ግን ጭስ ጭስ ነበር የምትለው። የቦንጋ ዝናብ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል፤ መሄድ ግን እምብዛም ደስ አይለውም። የሽንት ጨርቅ ደጅ ማስጣት እዚህ አገር የእንግዳ ሰው የዋህነት ነው። እኔም ማድ ቤት ውስጥ ከእንጨት ምድጃው በላይ ገመድ ወጥሬ እሰቅለው ነበር፤ ጨርቁ እንደ ቋንጣ ጭስ ጠጥቶ ይደርቃል። በዚያ ነው ልጄን የምጠቀልላት። ክፍል ገብቼ ሳስተምር ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች አፍንጫቸውን ያሻሹ ነበር፤ እኔም የሷን ጠረን ይዤ እዞር ስለነበር።

እኔ ከሸዋ፣ ሚስቴ ከወላይታ፣ ሁለታችንም በመንግሥት ምደባ ካፋ የመጣን ነን። እኔ ቦንጋ አስተምራለሁ፤ እሷ ደካ ውስጥ በግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበረች። ደካ ከቦንጋ በደህና ቀን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በክፉ ቀን ግን ሰው መንገድ መካከል ሺሺንዳ ላይ መኪና አጥቶ ያድራል። ተጋብተን ሁለት ዓመት የኖርነው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በዚህም ላይ የራሴ ፍልስፍና ነበረኝ። «ትዳርን የሚገድለው አብሮ መዋል ነው» እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ሚስቶቻቸውን ወደ ደካ ለማዛወር ይማማላሉ። ልጅ እስክትወለድ ድረስ ፍልስፍናው ምንም እንከን አልወጣለትም።

ጥቅምት ላይ ተወለደች። የወሊድ ፈቃዱ ሲያልቅ ሚስቴ ሕፃኗን ይዛ ወደ ደካ ሄደች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው በአይሱዙ ጋቢና ተመልሰው መጡ፤ ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ትንፋሿ እንደ ዛገ በር እየጮኸ። የሳንባ ምች ነበር። ዳነች፤ ያከመቻት ነርስ ግን ወደዚያ ብርድና እርጥበት ቶሎ እንዳትመለስ አጥብቃ ነገረችን።

«ሥራዬን እለቃለሁ» አለች ሚስቴ።

እኔ ያነበብኩት ብዙ ነው። የተማረች ሴት ለልጅ ብላ ከሥራ መውጣቷ ለአገር ምን ማለት እንደሆነ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያጠባች ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«እሺ። እንግዲህ ልጅቷን አንተ ትይዛታለህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ አገሪቱ ልትይዛት ነው?»

በዚህ ሁኔታ ልጄ ቦንጋ ቀረች። ሳስተምር የምትውለው ጎረቤታችን ዘንድ ነበር፤ ቆጮና ቅቤ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአማርኛ ይልቅ ካፊኖኖ የሚቀናቸው ሴት። እትዬ ነው የምላቸው። በእትዬ አማርኛ ልጄ አንዳንድ ቀን ወንድ ነበረች። «አንተ መምህር፣ ልጅ መጽሐፍ አይደለም። ሲያለቅስ አንሳው!» ይሉኛል፤ ቀጥለው ደግሞ ከነአንቀልባው ጀርባዬ ላይ ያስሩልኛል። አባት ልጅ አዝሎ መንገድ ሲወጣ ከተማው ምን እንደሚል ያየሁት ያኔ ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ክላክስ ይነፋሉ። «መምህር፣ አጥባት እንጂ አልቅሳለች!» ይላል አንዱ። «ተወው፣ የሱ ወተት ጠመኔ ነው» ይላል ሌላው። መልስ አላጣሁም፤ በዚያ ዘመን መልስ አጥቼ አላውቅም። ችግሬም እሱው ነበር።

ሚስቴ አርብ ማታ ትመጣለች፤ እሑድ ትመለሳለች። በመካከሉ ያሉትን ቀናት ወተቷ እንዳይደርቅ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከሰው ተከልላ ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ እያለበች ትደፋው ነበር። ሰኞ ሜዳ ላይ፣ ማክሰኞ ገበሬ ቤት ጓሮ፣ ረቡዕ ቢሮ ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ። ልጅቷ ከሰኞ እስከ አርብ ጡጦ ትጠባለች፤ አርብ ማታ ግን የእናቷን ድምፅ ገና ከበር ስትሰማ መላ ሰውነቷ አፍ ይሆናል። ያንን አይቼ ያመንኩበትን ያህል በሌላ ነገር አምኜ አላውቅም።

«ወተት እንግዳ ነው» አሉኝ እትዬ አንድ ቀን። «ካልተቀበሉት ሁለተኛ አይመጣም። ሚስትህን ቶሎ አምጣ።»

ማምጣት ማለት ዝውውር ማለት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያለኝን ጊዜ በኮሪደር ጨረስኩት። ማመልከቻው ላይ የሕክምና ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልደት ወረቀት ተያይዟል። በመጨረሻ ወረቀቱ የሚፈርመው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር፤ ስለ ልጄ ክብደት ሳይቀር ጠየቀኝ። «ጨርሰናል፣ መምህር። ሰኞ ስልጠና እንገባለን፤ ሐሙስ መጥተህ ውሰድ» አለኝ።

ስልጠናው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነበር፤ ከየወረዳው፣ ከደካም ጭምር። ርእሱ አንድ ለአምስት መደራጀት ነው። አንድ ጠርናፊ፣ አምስት አባላት፣ በየጊዜው መገማገም። ሰብሳቢው ደግሞ ያው ኃላፊ ነበር። ሚስቴ በዚያ ሳምንት ተራ ደርሷት ቢሮ ጠባቂ ሆና ቀርታለች። እሑድ ከመመለሷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ክንዴን ያዘችኝ።

«አደራህን። እስከ ሐሙስ ድረስ ስለምንም ነገር አስተያየት አይኑርህ።»

«ምን አገባኝ?»

«አውቅሃለሁ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ሰኞን በሰላም አለፍኩ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞቆ፣ ሰው በየወንበሩ እያንቀላፋ ሳለ ሰብሳቢው አደረጃጀቱ ወደ ቤተሰብም እንደሚወርድ ነገረን። ከዚያ ወደኛ ዞረ። «ከመምህራን በኩል ዝምታ በዛ» አለ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ባልደረቦቼ በጎን አዩኝ። አንዱ በክርኑ ነካኝ። እጄ ከኪሴ ወጣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ቤት አደረጃጀቱ ተጀምሯል። ጠርናፊያችን የሰባት ወር ሕፃን ናት። በየሁለት ሰዓቱ ትገመግመኛለች፤ ሂሴን ውጬ ጨርቋን እቀይራለሁ። ችግሩ አባሉ እኔ ብቻ ነኝ። የቀሩትን አራቱን ከየት ላምጣ? ወይስ እናቷን ከደካ እስክትለቁልን እየወለድኩ ላሟላ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር የተነሡ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚመቱ ነበሩ። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ፣ ከዚያ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስቆልኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስሄድ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። ልጄን ከእትዬ ተቀብዬ «ዛሬ ስብሰባ ላይ ስምሽን አነሣሁት» አልኳት።

ሐሙስ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ኮሚቴ ይየው ተብሏል» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የደካው ክፍት ቦታ ሰው እስኪያገኝ ይቆይ ተባለ።

በቀልዴ ምክንያት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ለረጅም ጊዜ ከራሴ ጋር በዚህ እሟገት ነበር። ሰውየው ሳቀ እኮ፤ የሳቀ ሰው ይበቀላል? ደካ ላይ በእርግጥ ሰው ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ክርክሩን በየቀኑ አሸንፋለሁ፤ በማግስቱ እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ። ልቡ በእርግጥ ያረፈ ሰው አንድን ክርክር ሁለት ጊዜ አያሸንፍም።

ለሚስቴ «ደካ ክፍት ቦታ አለ አሉ፣ ሰው እስኪገኝ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ የምለው ነገር እንዳለ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ኩባያዋን አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ተቆረጠ። አንድ አርብ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ የለም። በሦስተኛው ሳምንት መስመሩ ሲገኝ ድምፅዋ ሩቅ ነበር። «እያነሰ ነው» አለችኝ። ምኑ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «መንገዱ ሰሞኑን ይከፈታል» አልኳት፤ እንደ አባትነቴ ሳይሆን እንደ ሬዲዮ።

የመጣችው ነሐሴ ሲገባ ነው፤ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በትራክተር። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። እግሯን ሳትታጠብ ልጅቷን ከእትዬ ተቀብላ ተቀመጠች። ልጄ የእናቷን ድምፅ አውቃዋለች፤ አፏ ተከፈተ። ጠባች። ለቀቀች። የእናቷን ፊት አየች፤ ደግማ ያዘች። ሁለተኛውን ጡት ሰጠቻት። ልጅቷ ጥቂት ታግላ ጀርባዋን ለጥጣ ጮኸች። የራብ ለቅሶዋን አውቀዋለሁ፤ ይሄ እሱ አልነበረም። እንደ ተታለለ ሰው ነበር የምትጮኸው።

እትዬ ጡጦውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። ለመግባትም ለመውጣትም አልደፈሩም።

«ይስጡኝ» አለች ሚስቴ። ጡጦውን ራሷ ለልጅቷ አጎረሰቻት። ልጄ ዝም አለች። እትዬ ጭቃውን የምትታጠብበት ውሃ ለማሞቅ ወጡ። ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ማድ ቤት የሰቀልኩት ጨርቅ ይጨሳል።

«እየወለድኩ ላሟላ አልክ አሉ» አለች ሚስቴ፣ ከልጅቷ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ።

«ማን ነገረሽ?»

«ከስልጠናው የተመለሱት። በመጡ በማግስቱ፣ ቢሮ ውስጥ። አንዱ አንተን ሆነ፣ አንዱ ሰብሳቢውን። ሁለት ጊዜ ተጫወቱት።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሳቅኩ። ሁሉም እያዩኝ ነበር።» ጡጦውን ትንሽ ቀና አደረገችው። «ያስቃል እኮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክፍት ቦታ አለ አሉ ስትለኝ ጠበቅኩህ። ራሱ ይነግረኛል አልኩ። ከዚያም በየሳምንቱ ጠበቅኩህ።»

ስንት መጽሐፍ ያነበበ ሰው በዚያ ሰዓት አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኘም። ያገኘሁት «ኩባያሽን የት አደረግሽው?» የሚል ብቻ ነበር።

«ሺሺንዳ ላይ ለቡና ቤቷ ልጅ ሰጠኋት» አለች። «ምን ያደርግልኛል?»

የዝውውሩ ደብዳቤ ጥቅምት ላይ መጣ፤ ሦስት መስመር ነው፣ ስለ መዘግየቱ አያነሣም። ሚስቴ ፍራሿንና ምድጃዋን አይሱዙ ላይ ጭና ገባች። በሳምንቱ ልጅቷ ዓመት ሞላት። ዳቦ ደፋን፣ ለስላሳ ገዛን፣ ባልደረቦቼ መጡ፤ በዚያ ዓመት የተመደቡ ሁለት አዳዲስ መምህራንም አብረው ነበሩ። ልጄ እትዬ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ጡጦዋን ይዛለች። ሚስቴ ብርጭቆ ትሰበስባለች።

«መምህር» አለ አንዱ ባልደረባዬ፣ በስልጠናው ቀን በክርኑ የነካኝ፣ «ያቺን የአንድ ለአምስቷን ንገረን እንጂ። እነዚህ አዲሶቹ አልሰሟትም።»

«ተዋት፣ አርጅታለች» አልኩ።

«ንገራቸው» አለች ሚስቴ።

ጀመርኩ። ጠርናፊዋን ነገርኳቸው፣ ሂሱን ነገርኳቸው፣ አራቱን አባላት ነገርኳቸው። በየቦታው ሳቁልኝ፤ የት ላይ ዝም እንደምል እጄ ሳይቀር ያውቀዋል። «ወይስ እናቷን…» ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። የቀረውን ሚስቴ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ጨረሰችው። አንድ ቃል አልሳተችም።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጄም ሰው ሁሉ ሲስቅ አይታ፣ ጡጦዋን ከአፏ አውጥታ አብራቸው ሳቀች።